ይበተኑ ወይስ ይቆዩ?

በኳስ ሜዳ ዳር እንደ «ይበተኑ!» በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ ፍርድ የለም። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን ይህን ጩኸት ሳይሰማ ወደ አራተኛው አይደርስም። ብሔራዊ ቡድን ይሁን፣ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ይሁን፣ ከእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ተመርጦ ለዞን ውድድር የሚሄድ የመርጡለ ማርያም ወጣቶች ቡድን ይሁን፣ ጩኸቱ አንድ ነው። ደጋፊው ተናዷል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ግብ ጠባቂው አርጅቷል፣ አጥቂው ሰነፍ ነው፣ አምበሉ ለራሱ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ ሁሉም ይውጡ፣ አዲስ ይምጣ።

ጩኸቱን ንቄ አላልፈውም፤ አንዳንዴ ትክክል ነውና። ችግሩ ጊዜው ነው። ደጋፊው «ይበተኑ» የሚለው ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ነው፤ ተጫዋች መለወጥ የሚያስፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑ ሲያሸንፍ፣ ማንም ስለ ለውጥ መስማት በማይፈልግበት ሰሞን ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ይህንኑ ነው። ማስረጃውን ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የራሳችን ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳይተውናል።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት ቀን ነው። ቀኑ ራሱ ይገርማል፦ በ1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ የመሩት ቡድን የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋን ግብፅ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ያነሣውም ጥር 13 ነበር። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት መጀመሪያ ከዛምቢያ ጋር ተገናኙ። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በጎዶሎ የቀረው ቡድን አንድ ቢገባበትም አዳነ ግርማ አቻ አድርጎ 1 ለ 1 ተለያዩ። አገር በደስታ አበደ።

ደስታው አራት ቀን ቆየ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን፤ ያውም ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በጎዶሎ እየተጫወቱ ጭምር አገቡብን። በመጨረሻው ጨዋታ ናይጄሪያ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ረታችን። ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ የቅያሪ ዕድላችን ስላለቀ አማካዩ አዲስ ሕንፃ የግብ ጠባቂ ጓንት አጥልቆ ቆመ። ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ አንድ ያገባነው ግብ፣ ሰባት የገባብን፣ ሁለት ቀይ ካርድ የተመዘዘባቸው ግብ ጠባቂዎች። በዚያ ሳምንት ቡድኑን ለመበተን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ምክንያት አያጣም ነበር።

አሁን የተጋጣሚዎቻችንን ስም መልሰን እንይ። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ሆና ነበር የመጣችው። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ከእኛ ምድብ ወጥተው ሁለቱም ፍጻሜ ደረሱ፤ ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ማለትም ዋልያዎቹ በአሥር ቀን ውስጥ የተጫወቱት ካለፈው ሻምፒዮን፣ ከመጪው ሻምፒዮንና ከመጪው ሁለተኛ ጋር ነው። ሰባት ግብ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ማን እንዳገባው ሲታወቅ ግን ፍርዱ ይለሰልሳል።

ሰውነት ቡድኑን አልበተነም። ከሞላ ጎደል በእነዚያው ልጆች ወደ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተመለሰ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ምንያህል ተሾመ የካርድ ቅጣት እያለበት ከቦትስዋና ጋር በመሰለፉ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቢነጥቀውም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ከቀሩት አሥር የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ሆነ፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ያን ያህል ተጠግታ አታውቅም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 በናይጄሪያ በሜዳው 2 ለ 1፣ በኅዳር ደግሞ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ እንጂ።

ይህ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ወደ ጥር 2014 ዓ.ም. ይምጣ። የአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን ካሜሩን ላይ በኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ያሬድ ባየህ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ በቀይ ካርድ ወጥቶ ነበር። በአስተናጋጇ ካሜሩን 4 ለ 1 ተረታ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር በጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ወጣ። እንደገና አንድ ነጥብ፣ እንደገና ከምድብ ስንብት። እንደገናም ተጋጣሚዎቹ ቀላል አልነበሩም፦ ካሜሩን ሦስተኛ፣ ቡርኪና ፋሶ አራተኛ ሆነው ውድድሩን ጨረሱ፤ ኬፕ ቬርዴም ጥሎ ማለፉ ገብታለች። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ያው ቡድን በሊሎንግዌ ሜዳ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። ሞሐመድ ሳላህ በጉዳት አልነበረም፤ እውነት ነው። እኛም በራሳችን ሜዳ አልነበርንም፤ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ «በሜዳችን» የተባለውን ጨዋታ ማላዊ ድረስ ሄደን ነው ያደረግነው። ግብፅ ያኔ የዚያው አፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ተፋላሚ ነበረች።

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ጤፉ ሳያፈራ ሲቀር መጀመሪያ ዘሩን አይረግምም። ዝናቡ ዘግይቶ እንደሆነ፣ መሬቱ ተሟጦ እንደሆነ፣ አረሙ ቀድሞት እንደሆነ ያያል፤ ዘሩን የሚጠረጥረው እነዚህን ሁሉ ካጣራ በኋላ ነው። ምክንያቱም ዘር መለወጥ ዋጋ አለው፤ ዝናብ የበደለውን ማሳ በአዲስ ዘር መዝራት ደግሞ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ደጋፊው ግን ሁልጊዜ ከዘሩ ይጀምራል።

ለዚህ የተለመደ ስሕተት በቁጥር የተደገፈ ማብራሪያ አለ። ኳስ ግብ የሚያንስበት ጨዋታ ነው። በቅርጫት ኳስ በአንድ ጨዋታ ከመቶ በላይ ነጥብ ስለሚቆጠር ዕድል ተጣፍታ ታልቃለች፤ በእግር ኳስ ግን አንድ የተሳተ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አንድ የዳኛ ውሳኔ፣ አንድ አግዳሚ የመታ ኳስ የዘጠና ደቂቃውን ሥራ ይገለብጣል። ስለዚህ በሦስት ወይም በአራት ጨዋታ ውጤት ውስጥ ብዙ ዕድል አለ። በክፉ ዕድል ታግዞ ከአቅሙ በታች የወደቀ ቡድን ደግሞ ምንም ባይደረግ እንኳ ወደ አቅሙ ይመለሳል። ሆላንዳዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባስ ተር ዌል የአገሩን አንደኛ ሊግ የ18 ዓመት ውጤት (እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004) መርምሮ ነበር። ውጤት ሲጠፋ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦች በርግጥ ከዚያ በኋላ ተሻሻሉ። በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያቆዩ ክለቦችም በዚያው ልክ ተሻሻሉ። አባራሪው «አየህ፣ መድኃኒቱ ሠራ» ይላል፤ በሽታው ግን በራሱ ጊዜ ሊለቅ የነበረ ጉንፋን ነው። ጥናቱ ስለ አሰልጣኝ ቢሆንም አመክንዮው ለተጫዋችም ያገለግላል። በክረምት አሥር ሰው አባርሮ በመስከረም ያሸነፈ ክለብ፣ ሳያባርር ያሸንፍ እንደነበር የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ትዕግሥትን የሚደግፍ ነው። አሁን ወደ ሌላው ጎን እንሂድ፤ የዋልያዎቹ ታሪክ ሊሎንግዌ ላይ ወይም አዲስ አበባ ላይ አላበቃምና።

የ2005ቱ ቡድን ከካላባር ሽንፈት ሁለት ወር በኋላ፣ በጥር 2006፣ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በሚዘጋጀው የቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳያገባ ተሸንፎ ተመለሰ። ሰውነት ተሰናበተ፤ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተተካ። በቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ በታች የምድቡ መጨረሻ ሆነች። ግብፅን ያሸነፈው የ2014ቱ ቡድንም ዕጣው ከዚህ አልተለየም፦ ግብፅን በረታበት በዚያው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በጊኒ ደርሶ መልስ ተሸንፎ፣ በመጨረሻም ከግብፅ፣ ከጊኒና ከማላዊ በታች አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሁለት ትውልድ፣ ሁለት አሰልጣኝ፣ አንድ መስመር። ትዕግሥቱ በአምስት ወር ውስጥ ፍሬ ሰጠ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ቡድኑ ወደቀ።

ሀንጋሪያዊው ቤላ ጉትማን በዚህ ጉዳይ ጠንካራ እምነት ነበረው። ቤንፊካን በ1961 እና በ1962 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ሻምፒዮን ካደረገ በኋላ ክለቡን ለቀቀ፤ ለእሱ ሦስተኛው ዓመት ገዳይ ነው። ተጫዋቾቹ የአሰልጣኙን ንግግር በቃላቸው ያውቁታል፣ ተጋጣሚዎች አጨዋወታቸውን አጥንተዋል፣ ያሸነፈ ሰው ደግሞ እንደ ተራበ ሰው አይሮጥም። ጉትማን መፍትሔ ያደረገው ራሱ መሄድን ነው። ክለብ ግን መሄድ አይችልም፤ የሚችለው ሰው መተካት ነው። ማርቼሎ ሊፒ በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን የዓለም ሻምፒዮን አድርጎ፣ በ2010 ከዚያው ቡድን ካናቫሮን፣ ዛምብሮታን፣ ጋቱሶንና ካሞራኔዚን ይዞ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ፓራጓይ፣ ስሎቫኪያና ኒውዚላንድ ባሉበት ምድብ መጨረሻ ሆነ። የእኛም የ1954ቱ የወርቅ ትውልድ በ1956 ጋና ላይ አራተኛ፣ በ1960 በገዛ ሜዳችን አራተኛ ሆነ፤ ዋንጫውም ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰም። የ1954 ድል ታላቅነቱ አያጠያይቅም። ከድሉ ማግስት ተተኪ ማዘጋጀት ግን የማንም ሥራ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከብሔራዊ ቡድን ወደ ክለብ እንውረድ፤ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች አይገዛም፣ ክለብ ይገዛል። በአገራችን ስለ መበተን የሚናገር ከጅማ አባ ጅፋር የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጥብ ተስተካክሎ በግብ ክፍያ ቀደመው። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ግቦች የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ያ ቡድን በአንድ ክረምት የተገነባ ነው፤ «አዲስ ተጫዋች አምጡ» ለሚለው ወገን ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ነገር ግን በአንድ ክረምት የመጣው በአንድ ክረምት ሄደ። አሰልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዶ በ2011 እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። ኦኪኪ ወጣ፤ በርካታ ዋና ተጫዋቾችም ተከተሉት። ጅማ ዋንጫውን ካነሣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ከሊጉ ወረደ። ገብረመድኅን በበኩሉ በ2017 ኢትዮጵያ መድንን ሻምፒዮን አደረገ፤ ዕውቀቱ ከእሱ ጋር ነበር የሚጓዘው፣ ጅማ የቀረለት ዋንጫው ብቻ ነው።

ከጅማ ጎን ፋሲል ከነማን እናቁም። በ2011 ዓ.ም. በውበቱ አባተ ሥር ሻምፒዮናውን በአንድ ነጥብ ለመቐለ አስረክቦ ሁለተኛ ሆነ። እንዲህ ዓይነቱ ሽንፈት ከመውረድ ይልቅ ያማል፤ በመጨረሻው ቀን ከእጅ የወጣ ዋንጫ ነው። ውበቱ ሄደ፤ ሥዩም ከበደ ገባ። አከርካሪው ግን አልተነካም፦ ግብ ጠባቂው ማሊያዊ ሚኬል ሳማኬ፣ አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ሽመክት ጉግሳ፣ ሙጂብ ቃሲም። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ወደ ጎንደር አመጣ። በ2014 ደግሞ ሁለተኛ ሆነ። ያሬድ ባየህ በዚያው ክረምት ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተሻገረ፤ ባሕር ዳር በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። የባሕር ዳርን ውጤት በአንድ ተከላካይ ላይ መስቀል ሞኝነት ይሆናል። ሆኖም ባሕር ዳር አንድ የጎደለውን ቦታ ለይቶ፣ ዋንጫ አንሥቶ የሚያውቅ ሰው ነው ያመጣው፤ ስም ለመሰብሰብ ገበያ የወጣ ክለብ እንዲህ አያደርግም።

ይህ «የጎደለው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ክሪስ አንደርሰንና ዴቪድ ሳሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የእግር ኳስ ቁጥሮች መጽሐፍ አንድ ብዙ ደጋፊ የማይቀበለውን ነገር አስረድተዋል፦ የቡድንን ውጤት ከኮከቡ ይልቅ ደካማው ተጫዋች ይወስናል። በጣም ጥሩውን አጥቂ በተሻለ አጥቂ ከመተካት፣ የመጨረሻውን ደካማ ተከላካይ በደህና ሰው መተካት ብዙ ነጥብ ያመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አጥቂው ዘጠኝ ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ካገባ ጀግና ነው፤ ተከላካዩ ዘጠኝ ጊዜ አውጥቶ አንድ ጊዜ ከሳተ ጨዋታው ያልቃል። የእኛ ክለቦች ክረምት ላይ ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ግን አጥቂ ላይ ነው። ደጋፊው የሚዘምርለትም አጥቂ ነው።

ሌስተር ሲቲን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሆኖም ብዙ ሰው የሚያወራው የዋንጫውን ዓመት ነው። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ያለው ነው። በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. መግቢያ ሌስተር 29 ጨዋታ ተጫውቶ በ19 ነጥብ የሊጉ መጨረሻ ነበር። የዝውውር መስኮት ተዘግቷል፤ ቢፈልግም የሚገዛው ሰው የለም። በነበሩት ልጆች ከቀሩት ዘጠኝ ጨዋታ ሰባቱን አሸንፎ በ41 ነጥብ 14ኛ ሆነ። ጄሚ ቫርዲና ሪያድ ማሕሬዝ ያኔም እዚያው ነበሩ፤ ሊወርድ ነው የተባለው ቡድን ውስጥ። በክረምቱ ሌስተር ቡድኑን አልበተነም፤ ጥቂት ሰው ጨመረ፣ ከእነሱ መካከል ካየን ከተባለ የፈረንሳይ ክለብ የመጣ ንጎሎ ካንቴ የሚባል አጭር አማካይ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌስተር በ81 ነጥብ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ካንቴ ወደ ቼልሲ ከተሸጠ በኋላ በነበረው የውድድር ዓመት ቡድኑ እንደገና ወደ ወራጅ ቀጠና ተንሸራትቶ አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒየሪ በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ተባረረ። ቼልሲ ራሱ በ2022/23 በአንድ ዓመት ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ፣ የመልበሻ ክፍሉ እስኪጠበው ተጫዋች ሰብስቦ፣ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ገንዘቡን ካነሣን አይቀር፦ ስቴፋን ሺማንስኪና ሳይመን ኩፐር የ40 የእንግሊዝ ክለቦችን የ20 ዓመት ሒሳብ (1978 እስከ 1997 እ.ኤ.አ.) አገላብጠው ነበር። ክለቦች ለደመወዝ የሚያወጡት ገንዘብ የሊግ ደረጃቸውን ልዩነት 92 በመቶ ያስረዳል፤ ለዝውውር የሚያወጡት ግን 16 በመቶ ብቻ። ጥሩ ተጫዋች አቆይቶ በደንብ መክፈል ውጤት ያመጣል፤ ሰው መግዛትና መሸጥ ግን አብዛኛው ገንዘቡን ደላላ እጅ የሚጥል ሥራ ነው።

ወደ ሊጋችን እንመለስ። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። በጀቱ በየዓመቱ ይጸድቃል፤ የተጫዋች ውልም በአመዛኙ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ማንም «እንበትን» ብሎ ሳይወስን ቡድኑ በየክረምቱ ራሱን ይበትናል። ሐምሌና ነሐሴ የስፖርት ዜና የፊርማ ዜና ብቻ ይሆናል፤ አምና ለሀዋሳ የተጫወተው ዘንድሮ አዳማ፣ ለከርሞ ድሬዳዋ። ክለቦችና ፌዴሬሽኑ በ2011 ክረምት የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ጣሪያው በተግባር አልጸናም። ሊጸናም አይችልም ነበር፦ ሁሉም ክለብ በአንድ ክረምት ግማሽ ቡድን ለመግዛት ገበያ ከወጣ ዋጋውን የሚወስነው ሻጩ ነው።

መበተን የሚሠራበት ጊዜም አለ፤ ልክድ አልችልም። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ በመጣበት ዓመት፣ በ2016፣ ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች ሰብስቦ ሻምፒዮን ሆነ፤ ልክ እንደ ጅማ። የባንክ ካዝና ያለው ክለብ እንዲህ ማድረግ ይችላል። በተቃራኒው ኢትዮጵያ ቡና በካሣዬ አራጌ ሥር ወጣቶችን ታግሦ፣ በ2013 አቡበከር ናስር በ29 ግቦች የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫ አላነሣም። ነገር ግን አቡበከርን ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሸጧል፤ ክረምት ላይ የተሰበሰበ የሠላሳ ዓመት ተጫዋች ለማንም አይሸጥም።

መርጡለ ማርያም ላይ ይህ ሁሉ ክርክር ሌላ መልክ ይይዛል፤ ስለ ጎጃም ደጋ ከተሞች የማስበውም ለዚህ ነው። እቴጌ እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የምትታወቀው ይህች የወረዳ ከተማ የዝውውር ገበያ የላትም። ግብ ጠባቂው ደካማ ከሆነ ሌላ ግብ ጠባቂ ከደብረ ማርቆስ አይገዛም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ያላለፈው ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በመሐል ሜዳ የሚጫወተው መምህር ይዛወራል። ቡድኑ በዓመቱ ሳይፈልግ ተለውጧል። እንዲህ ባለ ቦታ «ይበተኑ» ማለት ትርጉም የለውም፤ ቀድሞውንም የተበተነ ነው። አማራጩ አንድ ብቻ ነው፦ ዘንድሮ ዋናው ቡድን ሲጫወት የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆችን አብሮ ማሠልጠን፣ ከትልልቆቹ ጋር ማጫወት፣ ሲሳሳቱ አለመሳደብ። ትልቁ ክለብ በገንዘብ የሚያልፈውን ነገር ትንሹ ከተማ የግድ በሥርዓት መሥራት አለበት።

ሥርዓት ስል የተወሳሰበ ነገር ማለቴ አይደለም። ተጫዋች የሚለወጠው ቡድኑ ደረጃው ጥሩ ሳለ፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቦታ፣ ከደካማው ቦታ ጀምሮ ነው። የሃያ ዘጠኝ ዓመቱ አምበል ገና እየሮጠ ሳለ ተተኪው አጠገቡ ይቀመጣል። ውሎች በአንድ ክረምት ተጠራቅመው አያልቁም፤ ሲፈረሙ ጀምሮ ይደራረባሉ፦ ሲሶው ዘንድሮ፣ ሲሶው ለከርሞ፣ ሲሶው ከዚያ በኋላ። ቡድኑ ከተሸነፈ መጀመሪያ የሚታየው የጨዋታ ፕሮግራሙ ነው፦ ማንን ገጠምን? በሜዳችን ነው ወይስ ከሜዳችን ውጪ? ስንት ሰው ተጎድቷል? ስንት ግልጽ ዕድል አበላሸን? ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ጨዋታ በኋላም መልሱ «ከእኛ በታች ካሉት ጋርም የግብ ዕድል አንፈጥርም» ከሆነ፣ ያኔ ተጫዋቹ ይጠየቅ።

ስለዚህ ደጋፊ ከሆናችሁ ለክለባችሁ ኃላፊዎች ጥያቄያችሁን ከሽንፈት ማግስት ወደ ግንቦት አምጡት፤ ዝውውሩ ሳይከፈት። ዘንድሮ የስንት ተጫዋች ውል ያልቃል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከቡድኑ ግማሽ በላይ ከሆነ፣ ክለባችሁ በሊጉ አንደኛም ቢሆን፣ ያኔ ጩኹ።